ያልተሳለችው ስለት

አማት ምራቷ እግር ላይ ስትወድቅ አይቶ የሚያውቅ ሰው አለ? ስሜነሽ ግን በጥር ወር በአንድ ቅዳሜ ማለዳ በገዛ ደጃፏ አየች። ሩጫዋን ጨርሳ፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወደ ግቢዋ ስትገባ፣ አማቷ ወይዘሮ አስናቀች እግሯ የታሰረ ዶሮ ይዘው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ትናንት ከሞጣ መጥተው ቢቸና ያደሩት ዘመድ ቤት ነው። ገና «እንደምን አደሩ» ሳትላቸው ዶሮዋን ለቀው ጫማዋ ላይ ተደፉ። ስሜነሽ ክው አለች። እኚህ ሴትዮ በሠርጓ ዕለት ጉልበታቸውን ስትስም እንኳ ፊታቸውን ያዞሩባት ናቸው።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ በደልሁሽ» አሉ።

«ኧረ እማዬ፣ ይነሱ። ምን ሆነው ነው?»

ነገሩ የሚጀምረው ከሩጫው ነው። ስሜነሽ ቢቸና ውስጥ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ናት። የድንበር ክርክር ያለበት ገበሬ ሁሉ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ይጠብቃታል፤ አንዱን ሸኝታ ሳትጨርስ ሌላው ይጮህባታል፤ ሰዓቱ አልቆ ልትወጣ ስትል ደግሞ ስብሰባ ይጠራል። ባሏ ሽታሁን ሞጣ አስተማሪ ነው፤ ሲመቸው ቅዳሜ እየመጣ እሁድ ይመለሳል። እንዲህ ስትባክን ደም ግፊት ጀማመራት። ሐኪሙ ክኒን ከመጀመራችን በፊት እስኪ ሩጪ አላት። መቼ ትሩጥ? ምሳ ሰዓት እንዳትል ፀሐዩ፣ ማታ እንዳትል ስብሰባው። የቀረቻት ሊነጋጋ ሲል ያለችው ሰዓት ብቻ ነበረች። በአስፋልቱ ብትሞክር ውሻ አባረራት። ስለዚህ የኪዳነ ምሕረትን ቅጥር በውጭ በኩል እየሮጠች መዞር ጀመረች፤ መንገዱ ደልዳላ ነው፣ ጥበቃው አባ ወልደ ሰንበትም ዱላቸውን ይዘው ስለሚቆሙ ውሻ አይጠጋም። በቱታ ብቻ በደጀ ሰላሙ ማለፍ ስለከበዳት ነጠላ ጣል ታደርጋለች፤ በሩ ጋ ስትደርስም ታማትባለች።

መጀመሪያ ግማሹን ሳትዞር ትንፋሿ ይቆረጥ ነበር። እያደር ግን ሰውነቷ ለመደው። እንቅልፏ ተመለሰ፤ ገበሬ ሲጮህባት መልሳ መጮህም ተወች። ከቀኑ ውስጥ ማንም ፊርማ የማይጠይቃት ያች ሰዓት ብቻ ስለሆነች ሳሳችላት፤ ቢዘንብም አትቀርም።

እንግዲህ ጎህ ሲቀድ ነጠላ ለብሳ፣ እያማተበች ቤተ ክርስቲያን የምትዞር፣ አግብታ ያልወለደች ሴት ምን ትባላለች? ከተማው እሷን አልጠየቀም፤ ለራሱ መለሰ። ልጅ እስክትሰጪኝ ድረስ እየሮጥሁ እዞርሻለሁ ብላ ተስላለች ተባለ። ኪዳን ሊያስደርሱ የሚሄዱ ሴቶች ሲያልፏት «ትስማሽ» ይሏታል፤ እሷም ተራ ምርቃት መስሏት «አሜን» ትላለች። ወሬውን አንዲት ለቅሶ የሄደች ሴት ሞጣ አደረሰችው፣ ወይዘሮ አስናቀችም ሰሙ።

«ያን የሰማሁ ለታ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ» አሉ አማቷ፣ አሁንም ከመሬት ሳይነሱ። «አንቺ እንዲህ ስትንከራተቺ እኔ ለሽታሁን ሌላ አጭቼለት ነበር። የጎረቤታችንን የገብረ ሕይወትን ልጅ። ሽማግሌ ልኬ እሺ ብለውኝ ነበር። አሁን ነገሩን አስቀርቼዋለሁ። አንቺ ብቻ ስለትሽን እንዳታቋርጪ።»

ስሜነሽ ግድግዳውን ተደገፈች። ላቧ ጀርባዋ ላይ ቀዘቀዘ። 

«ሽታሁን ያውቃል?»

ወይዘሮ አስናቀች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ምን ያድርግ፣ የእናት ነገር ሆነበት። እምቢ አላለም። ከፋሲካ በፊት ግን አይሁን፣ ፍቺውን በሰላም ልጨርስ አለ። በዚህ ሳምንት ስለትሽን ነግሬው ነው ያስቀረሁት።»

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ግቢ ውስጥ የሩጫ ጫማዋን ያጠበላት ሰው ነው። ሩጫው ተስማምቶሻል፣ ልጅ ሆንሽ ብሏታል። ይህን እያለ በሆዱ ፋሲካን ይቆጥር ነበር። ሰው እንዲህም ይችላል?

ዝም ብትል ትዳሯ ይተርፋል። ማድረግ ያለባት በየጠዋቱ እንደ ልማዷ መሮጥ ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ባትወልድ ለከርሞ ይባላል። ይህንም አሰበችው፤ አላሰበችም ማለት ውሸት ነው።

«እማዬ» አለች በመጨረሻ፣ «እኔ የተሳልሁት የለም። ግፊት ይዞኝ፣ ሐኪም ሩጪ ብሎኝ ነው የምሮጠው።»

 ወይዘሮ አስናቀች ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ለማንም እንዳትናገሪ። እኔም አልሰማሁም። አንቺ ዝም ብለሽ ሩጪ።»

ስሜነሽ ስልኳን አውጥታ ደወለች። ሽታሁን ገና መንቃቱ ነበር።

«እናትህ እኔ የምሮጠው ለስለት ነው ሲሉህ ምን አልሃቸው?»

 «ምንም አላልሁም። ደስ አላት፣ ነገሩም በረደ። አንቺስ ምን ተጎዳሽ?»

ሁሉንም ያውቅ ኖሯል። ሌላ ሴት ሲታጭለት ለሚስቱ ዝም አለ፤ የሚስቱ ሩጫ ስለት አለመሆኑን እያወቀም ለእናቱ ዝም አለ። ስሜነሽን ከታጨችው ልጅ ይልቅ ይህ ዝምታ አስደነገጣት።

«ሽታሁን» አለችው፣ «ፋሲካን አትጠብቅ።»