ውሃ የተመደበለት ክምር

የሙያችን ዜና በየሳምንቱ በኢሜይል ይመጣል። ጎንደር ላይ ኔትወርክ ካለ ይከፈታል፤ ከሌለ ዜናው እስኪያረጅ ይቆያል፣ እኔም አብሬው። አዲስ ሳተላይት መጠቀ ይላል፤ በሩቅ አገር የካርታ ባለሙያዎች ጉባኤ ተጠርቷልና ተመዝገቡ ይላል። ድሮ ጓጉቼ እመዘገብ ነበር። አሁን ከምኖርበት ከፀዳ ወደ ጎንደር ከተማ በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ ርእሱን ብቻ አነብና እዘጋዋለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አንድ ጊዜ ግን አንድ ዜና ቢሮውን ሁሉ አነቃው። ኮምፒውተር የሳተላይት ፎቶ እያየ በራሱ የለየው፣ የአገሩን ቤት ሁሉ በነጥብ የሚያሳይ ካርታ በነፃ ተለቀቀ። አለቃችን ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

"በቃ፣ ከእንግዲህ መስክ ለመስክ መንከራተት ቀረ" አለ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ። መንገዱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ቦርሳ ማዘጋጀትና መልሶ መፍታት ሰልችቶኝ ነበር። ያኔ በደጋው የእጅ ፓምፕ የሚተከልባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ እንድመርጥ ታዝዤ ስለነበር፣ ነጥብ በተሰበሰበበት ሁሉ ፓምፕ አስቀመጥሁ። ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ሜዳ ላይማ ነጥቡ ጤፍ የፈሰሰ ይመስል ነበር።

ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ ቦታውን አሳዪን ስላሉኝ አብሬያቸው ሄድሁ። የውቂያ ወራት ነበር። ጂፒኤሱ እዚህ ነው ካለን ቦታ ስንወርድ ቤት የሚባል የለም፤ አውድማ ነው። ዙሪያውን የገብስ ክምር ቆሟል፤ ክብ፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ከሰማይ ለሚያየው ቁርጥ የሣር ጎጆ። ኮምፒውተሩ ክምሩን ቤት ብሎ ቆጥሮት ኖሯል። በሬዎቹን የሚነዱት ሽማግሌ የመጣንበትን ስነግራቸው መንሻቸውን ተደግፈው አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ ክምር ውሃ ይጠጣል?"

"ታዲያ ሰዉ የት ነው አያ?"

"ከሸለቆው ማዶ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነዋ!"

ባሕር ዛፉ ከሸፈናቸው ጎጆዎች ኮምፒውተሩ አንዱንም አላየም። እዚያው ቆመን ሳለ የዚያ ሰፈር ነዋሪ የሆነች ሴት ጀሪካን አዝላ ከወንዙ ወጣች። መውለጃዋ መቃረቡ ያስታውቃል። ጀሪካኑን አውርዳ ወገቧን ይዛ ቆመችና ውሃ ሊወጣ ነው ወይ አለችኝ። ቦታው መሳሳቱን፣ አስተካክዬ ወደ ሰፈራቸው እንደማስጠጋው ነገርኋት።

"ተይው እቴ፣ እዚሁም ሸጋ ነው። ከወንዙ በምን ዕድሌ!"

"ግድ የለሽም፣ ደጅሽ ድረስ ይመጣል" አልኋትና ቆፋሪዎቹን መለስኋቸው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የካርታ ባለሙያዎች ጉባኤ እዚሁ ጎንደር ላይ በአንድ ሆቴል ተደረገ። ተራዬ ሲደርስ የክምሩን ፎቶ በፕሮጀክተር አሳየሁ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ከማዶ ያሉትን ጎጆዎች ራሴ አንድ በአንድ ስያቸው ነበርና እነሱንም አሳየሁ። ካርታውን ካወጡት ሰዎች አንዱ መጥቶ አመሰገነኝ፤ እርማቱንም ተቀበለኝ። ምሳ ተሰልፈን ሳለ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ሙያዬን ወደድሁት።

ከወራት በኋላ የተሻሻለው ካርታ መውጣቱ በዚያው ኢሜይል ተበሠረ። "በተጠቃሚዎች አስተያየት" ይላል። ቶሎ ብዬ ከፈትሁት። አዲሱ ፎቶ የተነሣው ውቂያ ካለቀ ወዲህ ነው መሰል፣ ክምሮቹ የሉም። ጎጆዎቹም አልገቡም። ሜዳውም ባዶ፣ ባሕር ዛፉም ባዶ። አለቃችን ካርታውን አምኖ፣ ሰው የማይኖርበት ነው ብሎ ፓምፑን ወደ ሌላ ቀበሌ አዛወረው። ጎጆዎቹን የሳልሁበትን ካርታ ይዤ ቢሮው ገባሁ።

"እሱ አንቺ በእጅሽ የሳልሽው ነው። ዳታው ሲታደስ ይገባሉ" አለኝ።

ተከራከርሁ፤ ጮህሁም። ሌላ ቀን ተመልሼ ገባሁ። በኋላ ደከመኝ። ፓምፑም እዚያው ሌላው ቀበሌ ተተከለ።

አተርፍ ባይ አጉዳይ ማለት እኔ ነኝ። ያ ክምር በስህተትም ቢሆን ለዚያች ባለ ጀሪካን ሴት ውሃ አምጥቶላት ነበር፤ ተይው ብላኝም ነበር። የዚህ ሳምንቱ ዜናም ዛሬ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ደረሰኝ፤ ርእሱንም ሳላነብ ዘጋሁት። ያቺ ሴት እስካሁን ወልዳለች። ጀርባዋ ላይ ልጅ አለ። ጀሪካኑን በምን ታዝለው ይሆን?