በየቀኑ ትንሽ ራቅ ብላ የምትጠፋ መኪና

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ከጎሮ ወደ እኛ ሰፈር በሚያስገባው መንገድ ጭቃው ከላይ የደረቀ መስሎ፣ ስትረግጠው ግን ገና እንደ ገንፎ እግር የሚውጥበት ሰሞን ነበር። ዓመቱን ባለቤቴን ብጠይቃት አንድ ትለኛለች፤ ነገ ደግሜ ብጠይቃት ሌላ ትለኛለች። ስለዚህ ትቼዋለሁ።

ያኔ የምተዳደረው በተማሪ ሰርቪስ ነበር። የሰፈሩን ሕፃናት ጠዋት ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ከሰዓት እመልሳለሁ። መኪናዋም አሮጌ፣ እኔም አሮጌ፣ ተስማምተን እንኖር ነበር። ኋላ ግን ሞተሯ ዘይት መብላት ጀመረና ትምህርት ሲዘጋ አስወረድኩት። ሞተሩ ቦሌ ሚካኤል አንድ ጋራዥ ውስጥ ሲታደስ ከረመ፤ ቀሪ አካሏ እኛ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲወርድባት ከረመች።

መካኒኩ ከትግራይ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሲሠራ በአፍንጫው የሚያንጎራጉር ሰው ነው። መፍቻውን የሚያነሳው እንደ ስኒ በቀስታ ነው። ሞተሩ ሲያልቅ በጭነት መኪና አምጥቶ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ገጠመው። ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሳች። ድምጿ ልክ እንደ ወጣትነቷ ሆነ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ እልል አለች፤ መካኒኩም እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «በሉ ጋሼ፣ አሁን እርስዎ ነዎት የሚቀድሟት ወደ እርጅና» አለኝና ሳቅን።

በማግስቱ ባለቤቴን አስቀምጬ ልሞክራት ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ አንዴ፣ ሁለቴ ንቅንቅ አለችና ጠፋች። ባስነሳት እምቢ። ኮፋኖውን ከፍቼ ቆምኩ። ምን ለማየት? ሰው የመኪና ሞተር ላይ እንደ ታማሚ ጎንበስ ሲል ያወቀ ይመስላል እንጂ እኔ ከመንዳት በቀር ብዙም አላውቅም። ቆየት ብዬ ሳስነሳት ምንም እንዳልሆነች ተነሳችና ወደ ቤት ተመለስን።

ለመካኒኩ ደወልኩ። መጣ፣ ካርቡራተሩን ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ። «አገኘኋት» አለኝ። በማግስቱ ወፍጮ ቤቱን አለፍን፤ ደስ አለኝ፤ ፋርማሲው ጋ ስንደርስ ጠፋች። እንደገና መጣ። ካንዴላዎቹን ለወጠ። «አሁንስ ይዣታለሁ» አለ። ፋርማሲውን አልፈን ከአደባባዩ ትንሽ ወዲህ ጠፋች። ያውም መሐል መንገድ ላይ! ከኋላ ሚኒባሶች ተደረደሩ። አንዱ ረዳት በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ «ፋዘር! ሙዚየሙ እኮ በዚህ አይደለም!» አለኝ። ባለቤቴ መስታወቱን አወረደችና፣ «አንተም አንድ ቀን ትገባበታለህ፣ ና ግፋ!» አለችው። ረዳቱ እየሳቀ ወርዶ ገፋልንና ዳር ያዝን።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ትምህርት ሊከፈት ቀርቧል። እንዲህ እየጠፋች ሕፃን አልጭንባትም፤ ይህንን ለራሴ ምያለሁ። ትራፊኩ መሐል አምስት ሕፃን ይዤ ብቆምስ? ካልዳነች ሥራዬ አበቃ፤ በዚህ ዕድሜ ማን ሌላ ሥራ ይሰጠኛል?

ያን ዕለት ማታ ላይ ጎረቤታችን መጣች። ሁለት ልጆቿን የማመላልስላት እናት ናት። በሩ ላይ ቆማ፣ «አባባ፣ ይቅርታ ያርጉልኝ፣ ልጆቹን ሌላ ሰርቪስ ላስመዝግብ ወይስ ልጠብቅዎት?» አለችኝ።

«ሌላ ፈልጊ ልጄ» ልል አፌን ስከፍት ባለቤቴ ከውስጥ ሆና፣ «እስከ ሰኞ ጠብቂን!» አለች።

ጎረቤታችን ስትሄድ ተቆጣሁ። ለእኔ ቁጣ ማለት ድምፄን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ በምንሽ ተማምነሽ ነው?»

«ምን ሆንክ? መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ጋ ጠፋች። ቀጥሎ ፋርማሲው ጋ። ዛሬ አደባባዩ ልንደርስ ስንል። እየተሻላት እኮ ነው!»

«መኪና እንደ ሰው ቀስ እያለ አይሻለውም።»

«የአንተን አላውቅም» አለችና ሻይ ልትጥድ ገባች።

በማግስቱ መካኒኩ ሌላ መለዋወጫ፣ ቦቢና፣ ይዞ መጣ። እሱም ፊቱ ጠቁሯል፤ ክረምቱን ሙሉ የደከመበት ሞተር ነው። ባለቤቴ ሻይ እያቀረበች ያንኑ ንግግሯን ደገመችለት፤ ወፍጮ ቤቱን፣ ፋርማሲውን፣ አደባባዩን። እኔ አፈርኩ። መካኒኩ ግን ብርጭቆውን ሳይቀምስ አስቀመጠው።

«እትዬ፣ ይድገሙልኝ እስቲ። በየቀኑ ራቅ ብላ ነው የምትጠፋው?»

«በየቀኑ! አብሬው እየተቀመጥኩ!»

«ጋሼ፣ በመሐል ቤንዚን ቀድተዋል?»

«ኧረ አልቀዳሁም። ቤንዚን ሊጠፋ ነው ሲባል ክረምት ሳይገባ አፉ ድረስ አስሞልቻት ነበር። ያው እሱ ነው።»

ቦቢናውን ወደ ካርቶኑ መለሰ። ለዕቃ ማጠቢያ ይዞት ከመጣው ቤንዚን አንድ የውሃ ፕላስቲክ ሞላና ኮፋኖው ላይ በሽቦ አንጠልጥሎ፣ በቀጭን ጎማ በቀጥታ ከካርቡራተሩ ጋር አገናኘው። አስነሳናት። ሻያችንን ጠጣን፤ እሷ ትሠራለች። ምሳ በላን፤ እየሞላላት ትሠራለች። ንቅንቅ የለም።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ መካኒኩ። «ውሃ ጥም ነው የያዛት። ከታንከሩ ነው የማይመጣላት።» ጎማውን ነቅሎ ቱቦውን እንደ ነበረ መለሰና፣ «ኑ እንሂድ፤ እስክትጠፋ እንንዳት» አለ።

ሦስታችንም ወጣን። አደባባዩን አለፍንና ልክ ደስ ሊለኝ ሲል ጠፋች። መካኒኩ ዘሎ ወረደ፤ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በሉ አለንና የቤንዚኑን ክዳን ቀስ ብሎ አዞረ። ታንከሩ ፍስስስ እያለ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ብረት እንደዚያ ያለ ረጅም ትንፋሽ ሲስብ ሰምቼ አላውቅም። ክዳኑ ሲነሳ ከሥሩ ሁለት ሦስት ጊዜ የታጠፈ ጥቁር ፌስታል ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። «እኔ ነኝ» አለች። «የክዳኑ ጎማ አልቆ ነበር። ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ... እንደ ጀሪካን።»

እኛ አገር ጀሪካን ያለ ፌስታል የሚከድን ማን አለ? ዘይት ሆነ ማር፣ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ ክፍለ አገር ድረስ ሲሄድ ከክዳኑ ሥር ፌስታል ይታጠፍበታል፣ ጠብ አይልም። እሷም ያወቀችውን አድርጋለች።

መካኒኩ መኪናዋ ላይ ተደግፎ እስኪያስለው ሳቀ። «እትዬ፣ ጀሪካን ብትሆን ኖሮ እስከ መቀሌ አትፈስም ነበር!» ከዚያ ለእኔ በሚገባኝ መንገድ አስረዳኝ። ክዳኑ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ አለው፤ ፌስታሉ ደፍኖታል። ቤንዚን ሲወጣ በቦታው አየር ካልገባ ታንከሩ ቤንዚኑን አልሰጥም ይላል። ቆም ስትል በሆነ ስንጥቅ ትንሽ አየር ይገባላትና ትነሳለች፤ እኛም ዳነች እንላለን። ታንከሩ ሙሉ እያለ ቶሎ ትታፈን ነበር፤ ቤንዚኑ ሲጎድል ውስጧ የቀረው አየር ስለሚበዛ ራቅ ብላ ሄደች።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ፌስታሉን መልሳ ታጥፋለች። «ክረምቱን ሙሉ አፍኜ ይዣት» አለች።

«ውሃ ገብቶባት ቢሆን ይብስ ነበር» አልኳት። እውነቴን ነው።

ለክዳኑ አዲስ ጎማ ተገዛ። ቅዳሜና እሑድ ጎሮን አልፈን ለሚ ኩራ ድረስ እየሄድን ተመላለስን፤ አንዴም አልጠፋችም። ሰኞ ጠዋት ሕፃናቱን ጫንኩ። የጎረቤታችን ትንሿ ልጅ ከኋላ ሆና፣ «አባባ፣ እማዬ ሞተሯ አዲስ ነው አለች፣ እውነት ነው?» አለችኝ። «እውነት ነው» አልኳት። ወፍጮ ቤቱን አለፍን፣ ፋርማሲውን አለፍን። አደባባዩ ላይ እጄ መሪውን አጥብቆ እንደያዘ ያወቅኩት ካለፍነው በኋላ ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሕፃናቱ እየተገፋፉ ወረዱ።

መኪናዋን ያዳናት መካኒኩ ነው፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ እናገራለሁ፣ ጋራዡንም እጠቁማለሁ። እኔን ግን በዚያ ሰሞን «ሌላ ፈልጊ» ከማለት ያስቀረኝ ሰው ሌላ ነው። ዕለት ዕለት ከጎኔ እየተቀመጠች፣ እኔ የጠፋችበትን ሳይ እሷ የደረሰችበትን ታይ የነበረችው ባለቤቴ ናት።