በሃምሳው ውስጥ ያወጅኳት ጾም

ባለፈው እሑድ ልጄና ሚስቱ ሁለት ልጆቻቸውን ወደ አንድ መጫወቻ ስፍራ ሲወስዱ እኔንም መኪናው ውስጥ ጨመሩኝ። ቤት መቀመጥ አልወድም፤ ሰማንያን ካለፍኩ ወዲህ እንኳ አንድ ወንበር ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየሁበትን ቀን አላስታውስም። በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው የምራቴን ቦርሳ ከፍቶ በፎጣ የተጠቀለለውን ዕቃ ነካ ነካ አደረገው። ምግብ ነው፤ በጠዋት ከአምስት ኪሎ ተልኮልን የመጣ።

«ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም፣ እህቴ» አላት። «ውስጥ ሬስቶራንት አለ።»

ልጄ አምና እዚያው ሬስቶራንት ልጆቹን አብልቶ ስለሚያውቅ ፊቱ ወዲያው ተለዋወጠ። «አባዬ፣ ለድንች ጥብስና ለዶሮ ያወጣሁት እኮ የወር አስቤዛ ይገዛል» አለኝ በጆሮዬ። ልጆቹ በአጥሩ ቀዳዳ የሚሽከረከረውን ወንበር እያዩ እግራቸው መሬት አልረጋም። እሱ አንዴ ቦርሳውን፣ አንዴ ጥበቃውን፣ አንዴ ልጆቹን ያያል። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ በነበረ ሜዳ ላይ ቆሜ፣ ልክ እንደዚያ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ የፒያሳ ሰው ነበርኩ። ፒያሳን አውቀው ነበር ማለቴ አይደለም፤ ፒያሳ ነበር የሚያውቀኝ። ከአገሬ ከጉራጌ በአሥራ ሦስት ዓመቴ ወጥቼ፣ ዕቃ ተሸክሜ፣ ሱቅ ጠርጌ፣ በመጨረሻ አንድ ግሪካዊ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ዘንድ ከባንኮኒ ኋላ ቆምኩ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከሱቅ ሰሌዳ፣ ጣሊያንኛ የለመድኩት ከዕቃ ካርቶን፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ ከሞተር መጽሐፍ ነው። ሞተር ሲያስል ሰምቼ የታመመውን ዕቃ ስም በሦስት ቋንቋ እጠራ ነበር። የተማሩ መሐንዲሶች መጥተው ያማክሩኝ ነበር ስል የሚጠራጠር ካለ መብቱ ነው፤ ምስክሮቼ ሁሉ ሞተዋል።

ለአባቴ ደብዳቤ ስጽፍም ይህን አልደብቅም። አንዴ «ምሳዬን የምበላው ከፈረንጅ ጋር ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ሐሰት አልነበረም፤ ግሪኩ በባንኮኒው በላይኛው ጫፍ፣ እኔ በታችኛው ጫፍ ሆነን ነበር የምንበላው።

ደብዳቤዎቼን ለአባቴ የምታነብለት እህቴ አስካለ ነበረች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቴ በወጣትነቱ በድቁና ያገለገለ ሰው ስለነበር ዳዊት አስደግሟታል። በዚያ ዓመት ከደህና ቤተሰብ ሽማግሌ ተላከባትና አባቴ «አስብበታለሁ» ብሎ መለሳቸው። እሷ ታዲያ ከደብዳቤዎቼ አንዱን ገልብጣ በጀርባው «ወንድም ጋሼ፣ ሳይድሩኝ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት አስገባኝ» ብላ ጻፈችና በነጋዴ እጅ ላከችልኝ። ያቺን ወረቀት ይዤ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ለአባቴ «ልጅቷን ስጠኝ፣ ላስተምራት» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ አጭር ነበር፦ «መጥቼ አኗኗርህን አያለሁ። የሚያበላ ቤት ካለህ ትቆያለች። ከሌለህ ሽማግሌዎቹ መልሴን እየጠበቁ ነው።»

የሚያበላ ቤት የሚለውን ቃል እኔ በፒያሳ ዓይን ነው ያነበብኩት። አፍንጮ በር የነበረኝ ኪራይ ቤት አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋና አንድ የከሰል ምድጃ ነው፤ በዚያ ማንን አስደንቃለሁ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ፈረንጆች የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስና በሰንሰለት የተንጠለጠለ የሚበር ወንበር ይዘው መጥተው ከድልድዩ ማዶ ሜዳው ላይ ተክለው ነበር። ስለዚህ ወሰንኩ። ሦስት ቀን ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ በየቀኑ ከጨዋታው ሜዳ አውላቸዋለሁ፤ ምሳ ደግሞ ፒያሳ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ።

ማክሰኞ ማታ በአውቶቡስ መጡ። ግንቦት መግቢያ ነበር፤ የፋሲካው በግ ቆዳ ገና በየአጥሩ ላይ ተሰጥቷል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ያጓራል እንጂ አይዘንብም። እናቴ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ጭነት ይዛ ወረደች፤ ቆጮ ነው፣ ከአይብ ጋር። የቆጮው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ከአልጋው ሥር ገፋሁትና «እማዬ፣ እዚህ ይህ አያስፈልግም» አልኳት። እናቴ አባቴን አየችው፤ እሱ ጣራውን አየ።

ረቡዕ ተጀመረ። አስካለ በሚበረው ወንበር ላይ ወጥታ ነጠላዋ እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ አሁንም ይታየኛል። እኔ ግን ቆሜ ማየት አልቻልኩም። አንዴ ወደ ትኬት ሻጩ፣ አንዴ ወደ ሞተሩ እሄዳለሁ፤ ቺንጊያው፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ መላላቱን በድምፁ አውቄ ለባለቤቱ በጣሊያንኛ ነገርኩት፤ አባቴ መስማቱንም በጎን አረጋገጥኩ። በስድስት ሰዓት ወደ ፒያሳ ወጣን። ምግብ ቤቱ ውስጥ ኃይሌ የሚባል የወንዜ ልጅ አስተናጋጅ ነበር። ቀድሜ አግኝቼው «ሰው ፊት ሲኞር በለኝ» ብዬዋለሁ፤ እሱም አላሳፈረኝም።

አባቴ ከእኔ ጋር የሚያወራው በጉራጊኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ልጻፈው። «ይህ ልጅ ምን እያለህ ነው?» አለኝ።

«ጌታው ማለቱ ነው።»

«የማን ጌታ?»

ፓስታ መጣ፤ ከዚያ ኮተሌት። አባቴ ፓስታውን በሹካ ከፍ አድርጎ አየና «ፈታይዋ ጎበዝ ናት» አለ። እናቴ ሳትጀምር «ጠግቤያለሁ» አለች። አስካለ ሹካውን ከእኔ እያየች ያዘች፤ ከሁሉም እሷ ቀድማ ለመደች። እኔ ግን አልተረጋጋሁም፤ የእያንዳንዳቸውን ጉርሻ በዓይኔ እከተላለሁ፤ አባቴ ኮተሌቱን አጋምሶ ሲያቆም ልቤ አብሮ ይቆማል። ሂሳቡ ሲመጣ ወረቀቱን ቶሎ አጠፍኩት። ለሦስት ቀን ያሰብኩት በአንድ ቀን ወደ ማለቁ ነበር።

ሐሙስ ያንኑ ደገምኩ። ማቆም ነበረብኝ፤ ግን ትናንት በነጭ ጨርቅ ያበላ ሰው ዛሬ ጎዳና ዳር ሻይና ብስኩት ቢያቀርብ ምን ይባላል? ለእነሱ አዘዝኩና ለራሴ ተውኩት። «እኔ ቀደም ብዬ በልቻለሁ» አልኩ። ከጠዋት ጀምሮ ከአጠገባቸው አልተለየሁም ነበር። አስካለ ቀና ብላ አየችኝ።

ዓርብ በኪሴ የቀረው ለመመለሻ አውቶቡሳቸው የሚሆን ብቻ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ በዚያ ሜዳ ተንቆራጠጥኩ። ከግሪኩ ልበደር ብል እኔ ፈቃድ ስለወጣሁ ሱቁን ዘግቶ ከከተማ ወጥቷል፤ ወደ ኃይሌ ልሂድ ብል ሲኞርነቴ ያልቃል። የእንጨት ፈረሶቹ በዞሩ ቁጥር ስድስት ሰዓት እየቀረበ ነው። አባቴ የፀሐይዋን አቋም አየና «እንግዲህ ሲኞር፣ ወዴት ነን?» አለ። ያን ጊዜ አፌ ከጭንቅላቴ ቀደመ።

«ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አልኩ። «የእነዚህ ፈረንጆች ምግብ ሁሉ ሥጋና ቅቤ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጹምና ከዚያ ቤት ገብተን ሽሮ እንሥራ።»

አባቴ በየበዓሉ ማሕሌት የሚቆም፣ የዓመቱን አጽዋማት ያለ ወረቀት የሚያሰላ ሰው ነው።

«ፋሲካ መቼ ነበር፣ ወልዴ?» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። በፋሲካና በጰራቅሊጦስ መካከል ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም የማያውቅ ክርስቲያን የለም። እኔም አውቃለሁ። ከዚያ ቀን በፊትም አውቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላም አልረሳሁም። በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው የጠፋኝ።

«ለአዲስ አበባ ክርስቶስ ገና አልተነሣላትም እንዴ?» አለ አባቴ። «ደግሞስ ረቡዕ ዕለት ኮተሌት ያበላኸን አንተ አይደለህም? የአገርህ ጾም ረቡዕን ዘሎ ዓርብን ነው የሚይዘው?»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሳቅ ይሁን ኀፍረት አላየሁም። አባቴ በትሩን አነሣ።

«የአውቶቡሱን ሰዓት ጠይቅ» አለኝ። «ነገ በጠዋት እንሄዳለን፤ ሦስታችን። ድሀ መሆንህ አልከፋኝም። በእግዚአብሔር ቀን ለሚዋሽ ሰው ግን ልጅ አልተውም።»

ሦስታችን ሲል አስካለ ውስጡ አለችበት። እግሬን አላዘዝኩትም፤ ወደ አጥሩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። አንድ ቃል ልናገር ፈለግኩ። የሞተርን ሕመም በሦስት ቋንቋ እጠራለሁ፤ ያን ጊዜ አንዱም አልታዘዘኝም።

አስካለ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ከጎኗ የኮባ ቅጠል ጥቅል አወጣችና ፊቷ ዘረጋችው። ቆጮው፣ አይቡ፣ በትንሽ ቅጠል የተቋጠረ ሚጥሚጣ። ከልጅነቷ ጀምሮ አባቷ ፊት ሳትጠየቅ የማትናገር ልጅ፣ ያን ቀን ተናገረች።

«ትናንት ወንድም ጋሼ አልበላም» አለች። «ስለዚህ ዛሬ እንደማይኖረው አውቄ ይዤ መጣሁ። እኛማ ጠዋት ጠዋት እሱ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ ይህንኑ እየበላን ነው የምንመጣው። አይደለም እንዴ፣ አባዬ?»

አባቴ በትሩን ተደግፎ ቆመ። እናቴ ግን ሄዳ ከአጠገቧ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ሰው ያየኛል ብዬ ዙሪያዬን እቃኛለሁ። የፈራሁት አልቀረም። ነጭ ኮቱን በክንዱ የያዘ ሰው ከድልድዩ በኩል መጣ፤ ኃይሌ ነው፣ የከሰዓት ተረኛ ሆኖ ሥራ ሊገባ።

«ሲኞር» አለ እጅ ነሥቶ። ከዚያ ዓይኑ ኮባው ላይ ወደቀ፤ ሲኞርም ረሳ፣ ሥራም ረሳ፤ ተንበርክኮ ቆረሰ። «እናቴ፣ እጅሽ ይባረክ» አላት። «እኛ አስተናጋጆቹ እኮ ጓዳ ውስጥ የምንበላው ይህንን ነው። ያንን ክር ማን ይበላዋል?»

አባቴ ሳቀ። ብዙ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ነው የሚታወቀው። በትሩን መሬት ላይ አጋደመና ተቀመጠ። «ና ብላ» አለኝ፤ ተቀመጥኩ። ከሐሙስ ጠዋት ወዲህ የቀመስኩት የመጀመሪያው እህል ያ ቆጮ ነው። በኋላ ብዙ ትልልቅ ቦታ በልቻለሁ፤ ሚኒስትር በተቀመጠበት ግብዣም ተቀምጫለሁ። እንደዚያ የጣመኝ የለም።

ኃይሌ ሲሄድ አባቴ እጁን በሣሩ ጠረገና እኔን ሳይሆን እሷን አየ።

«እኔ የመጣሁት አንቺን ለእሱ አደራ ልሰጥ ነበር» አላት። «ተገላቢጦሽ ሆነ። ይህን ሰው ብቻውን ብንተወው ራሱን በረኃብ ይገድላል። አስካለ፣ ወንድምሽን አደራ።»

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ሁለት ሰው ይዞ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር ያ አደራ ክረምቱን ሙሉ አቃጠለኝ። እኔ፣ ግሪኩ ሱቁን ጥሎልኝ የሚሄድ ሰው፣ በአሥራ አራት ዓመት ልጅ አደራ ተሰጠሁ። እሷ ግን ምድጃውን ያዘች፤ የፒያሳን ነጭ ጨርቅ ደጁን አስረሳችኝ፤ ክረምቱ ሲወጣ ከዚያ በተረፈው ደብተርና ዩኒፎርም ተገዛ። ትምህርቷንም እኔ ነኝ ሌሊት ያስጠናኋት፤ የሒሳብ መጽሐፏን ቀድሜ ራሴን አስተምሬ። በመጨረሻ ርዕሰ መምህርት ሆና ጡረታ ወጣች። ሰው ይሳቅ እንጂ፣ ያቺን ጾም ባላውጅ ኖሮ አባቴ ልጅቷ ምን እንደያዘች አያይም ነበር። ይህን ስነግራት አትቀበለኝም።

የእሑዱን ምግብ ከአምስት ኪሎ የላከችው እሷ ናት። መጫወቻው በር ላይ ቆመን ልጄ ሲወላውል ስልኩን ተቀብዬ ደወልኩላት።

«ምግብሽን በር ላይ ከለከሉን» አልኳት።

እሷም በዚያ በተማሪዎች ሰልፍ ሜዳ ድምፅዋ፣ «ታዲያ ጾም ነው ብለህ አታውጅም?» አለችኝ።

ሳቋን ሳትጨርስ ዘጋሁት። ልጄን «ልጆቹን ጥራ፤ በልተን እንገባለን» አልኩት። ከአጥሩ ውጭ ሣሩ ላይ ፎጣውን ዘረጋን። ኮባው ሲፈታ ያ ሽታ ወጣ፤ ጥበቃው ከወንበሩ አንገቱን ሰገግ አደረገ፤ «ና እንብላ» አልኩት፤ በሦስተኛው ጥሪ መጣ። ስድሳ ዓመት ሙሉ አስካለን ያስተማርኳት እኔ ነኝ ስል ኖሬያለሁ፤ እውነት ነው፣ ነገም እላለሁ። አደራው ግን የተሰጠው ለእሷ ነው፤ አባቴ ከሞተ ስንት ዘመን ሆኖት፣ እሷ እስካሁን ምሳዬን ትልካለች።