አንገቴን ሌላ ሰው አይጽፍልኝም

ዲላ ስማር ከክፍሌ ልጆች ጋር በቴሌግራም ግሩፕ አንድ ልብወለድ በየተራ እንጽፍ ነበር። ሁላችንም የየራሳችን ገጸ ባሕርይ አለን። የእኔዋ እንደ እኔው የገደብ ከተማ ልጅ ናት፣ ቡና ማጠቢያ ውስጥ ያደገች። አንድ ቀን አንዱ ልጅ የራሱን ገጸ ባሕርይ፣ ጀግናውን፣ ሰይፍ አስይዞ ላከብኝና በአንድ መስመር ጨረሳት፦ «አንገቷን ቀላው፤ ሞተች።» ግሩፑ አጨበጨበለት። «አንቺ የፍቅሩን ክፍል ጻፊ» አለኝ ደግሞ።

ደሜ ፈላ። «ሰይፍህን ሰንዝር፤ አንገቴ መቆረጡን የምጽፈው ግን እኔ ነኝ» አልኩት። «ሞተች» ያለውን እንዳልተጻፈ ቆጥሬ ልጅቷን ከሰይፉ ሥር ጎንበስ አድርጌ ወደ ቡና ማጠቢያው ቦይ አስገባኋት። እሱም «ጀግናው በቦት ጫማው እየሮጠ ተከተላት» ብሎ ጻፈ።

ሰይፍ አልሰጠኋትም። የጻፍኩት ወለሉን ብቻ ነው፦ ከታጠበው ቡና የወጣው ዝልግልግ የቦዩ ሲሚንቶ ላይ እንደ ሳሙና ተነጥፏል፤ እሷ ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቶቿ ወለሉን ቆንጥጣ ቆማለች። እዚያ ላይ አቆምኩ።

በማግስቱ ልጁ ካፌ በር ላይ ያዘኝና «እሺ፣ አሁን እኔ ወደቅኩ ወይስ አልወደቅኩም?» አለኝ።

«የራስህን እግር ራስህ ጻፍ» ብዬው አለፍኩ።