ከጆሮ ጀርባ የተሞከረው መንግሥት

አክስቴን ሰፈሩ «እትዬ ጠርጥሬ» ይላት ነበር። «ጠርጥር» ብሎ የሚጀምረውን ምሳሌ ሁላችሁም ስለምታውቁት አልጨርሰውም። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ አናጺው ነው፤ እሷ ግን አልከፋትም። መጠርጠር ባይኖር ስንቷ ሴት ራሰ በራ ሆና በቀረች ነበር፣ ትላለች።

አክስቴ የሴቶች ጸጉር ሠሪ ነበረች። ቤቷ ጠባብ ናት፦ ሁለት ወንበር፣ ጠርዙ የተሸረፈ ትልቅ መስታወት፣ ሲሞቅ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም የጸጉር ማድረቂያ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው በዚህች ክፍል ነው። የማትጥሰው አንድ ሕግ ነበራት። አዲስ ቀለም የቱንም ያህል ቢወደስ፣ በመጀመሪያ ከደንበኛዋ ጆሮ ጀርባ፣ ከማይታየው ቦታ፣ አንዲት ዘለላ ቀብታ ታቆያለች። ቆዳው ካልተቆጣ፣ ጸጉሩም ካልተበጣጠሰ፣ ያኔ ወደ ሙሉው ራስ ትሄዳለች። የቸኮለች ደንበኛ ብትነጫነጭ፣ «ያንቺ ጸጉር ተመልሶ ይበቅላል፤ የኔ ስም ግን አይበቅልም» ትላታለች።

ታዲያ አንድ ዓመት የንግድ ፈቃድ በስልክ ብቻ ይታደሳል ተባለ። የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ተዘጋ። ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና እየዞረ ለፈፈ፤ ከሰፈራችን ግን ንቅንቅ ያለ አልነበረም። ያላሳደሰ በሩ እንደሚታሸግ ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም ደግሞ ሌላው ሲጀምር ለማየት ይጠብቃል። አክስቴ የባሰች ነበረች። እሷ የለመደችው መስኮቱ ላይ የተቀመጠውን ሰው ፊቱን አይታ፣ ካስፈለገም ተጣልታ፣ ማኅተሙ ሲያርፍ በጆሮዋ ሰምታ ነው። ስልክን ማን ይጣላዋል? የሰጡትን ስምና አድራሻስ ወስዶ የት ይደፋዋል? ልጆቿ ቢለምኗት፣ ቢያስለምኗት፣ በእናንተ ጉሮሮ ቁማር አልጫወትም ብላ ዘጋቻቸው።

የፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ደንበኛዋ ነበረች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ ከጆሮዋ ጀርባ የተቀባችው ቀለም እስኪታይ ስትጠብቅ፣ የአክስቴን ሙግት ሁሉ በትዕግሥት ሰማች። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ እያየቻት፣

«እትዬ፣ እኔን ከጆሮዬ ጀርባ ሞክረውኛል። እስቲ መንግሥትንም ከጆሮው ጀርባ ይሞክሩት» አለቻት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

«የቱ ጋ ነው ጆሮው?»

ጸሐፊዋ በዚያው ስልክ የተበላሸ ነገር ማመልከት እንደሚቻል ነገረቻት። ከበሩ ፊት ለፊት የቆመው የመንገድ መብራት ከጠፋ ሰንብቷል፤ በእሱ ሰበብ ደንበኞቿ ገና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይበተናሉ። ምላሽ ቢጠፋ የሚጎድልባት ነገር የለም። አክስቴ በቀለም ብዛት ሐምራዊ በሆነች ጣቷ፣ ጸሐፊዋ ሳትነካባት፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች ጻፈች። ፎቶም አነሳች፤ የመጀመሪያው ላይ የወጣው የራሷ አውራ ጣት ነበር።

አናጺው ወሬውን ሰምቶ ከበሩ ላይ ብቅ አለ። ያ መብራት ከበራ ራሴን ቀይ ቀለም ተቀብቼ በገበያው መሀል እሄዳለሁ ብሎ ፎከረ። ራሱ ላይ የቀረችው ጸጉር ለፉከራ እንኳ የማትበቃ ነበረች።

ጥቆማው ደርሷል የሚል መልእክት መጣ። አክስቴ አልተገረመችም፤ እሺ ማለትማ የማንም ነው አለች። ከሰነበተ በኋላ ግን መሰላል የጫነ መኪና ከደጇ ቆመና ሠራተኛው በስሟ ጠርቶ የትኛው ምሰሶ እንደሆነ ጠየቃት። ምሰሶው ላይ ወጥቶ ሠርቶ ሲወርድ፣ አብርቶ እንዲያሳያት አዘዘችው።

«ማታ ያዩታል፣ እናቴ።»

«ማታማ አንተ የለህም።»

እየሳቀ አበራላት። አክስቴ በጠራራ ፀሐይ እጇን ከግንባሯ ላይ ጋርዳ፣ ያቺን የገረጣች ብርሃን እንደ ተቀባች ዘለላ ትኩር ብላ መረመረቻት። ከዚያ ገባችና ትልቋን ልጇን ፈቃዱን ከግድግዳው ላይ እንድታወርድላት ጠየቀች፤ ከላዩ እያነበበችም ራሷ ስልኩ ላይ ሞላች። ከወንበሩ ላይ ያለችው ደንበኛ ቀለሙ ሳይዝላት አዲሱ ፈቃድ ስልኩ ላይ ደረሰ።

አሻጊዎቹ የመጡ ቀን አክስቴ ከበሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። አለቃቸው በገዛ ስልኩ አመሳክሮ ልክ መሆኑን ካየ በኋላ፣ የሞላላት ማን እንደሆነ ጠየቃት።

«ይቺ ናት» ብላ ሐምራዊ ጣቷን ከፍ አደረገች።

ሰውየው እጅ ነስቶ አለፈ። ያላሳደሰውን አናጺ ግን በብዙ ልመና እስከ ማግስቱ ታገሱት። ገና ሳይመሽ ስልኩን በአንድ እጁ፣ ቆቡን በሌላው ይዞ መጣ። ከኋላው ልብስ ሰፊው፣ ከልብስ ሰፊው ኋላ ባለ ሱቋ፣ ሌሎችም ተከትለው ደጁ ሞላ። አክስቴ እንደ ጸሐፊዋ ሳትነካበት፣ በራሱ ጣት እንዲጽፍ አድርጋ አሳደሰችው። ተነሥቶ ሊሄድ ሲል ትከሻውን ይዛ መልሳ አስቀመጠችውና ቀዩን ቀለም በጠበጠች። ውጭ መሽቶ መብራቱ በርቷል፤ ደንበኞቹም የሚሄዱ አይመስሉም።

አናጺው ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንዴ እንድትገላግለው ለመናት።

«ቀስ» አለችው፣ ጆሮውን ወደ ፊት እያጠፈች። «መጀመሪያ ከዚህ ጀርባ።»