እታለም የዜግነትን ወጪ ስትለካ

እህቴ ሱሪ ስታሳጥር ትርፉን ጨርቅ ቆርጣ አትጥልም። ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋዋለች። የሰው ቁመት ባይጨምርም ሐሳቡ ይቀየራል ባይ ናት፤ ዛሬ አሳጥሪልኝ ያለው ደንበኛ ከስድስት ወር በኋላ አስረዝሚልኝ ብሎ ቢመጣ አትደነግጥም። በጫማ ጠጋኝና በቁልፍ ቀራጭ መካከል በተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ስትሠራ ኖራለች። ታላቄ ስለሆነች እታለም እላታለሁ። እሷ ደስ ሲላት ወንድምዬ ትለኛለች፣ ስትናደድ ደግሞ "አንተ ሰውዬ"። የለመድኩት ሁለተኛውን ነው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ሆነን እንኖራለን፤ እሷ፣ ቀለም ቀቢው እኔ፣ እና ልጇ ሚጣ። ሚጣ በቁመት እኔን ካለፈችኝ ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ የሕፃንነት ስሟ ግን አልለቃት ብሏል።

ዘንድሮ ሚጣ አሥራ ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው። ለሌላ ቤት ይኼ የደስታ ወሬ ነው፤ እኛ ግን ቀኑ በቀረበ ቁጥር ጭንቅ ያዘን። ተሰደን በመጣንበት በዚህ አገር እታለም ለዜግነት የምታመለክትበት ጊዜ ደርሷል። ማመልከቻዋ ልጅቷ አሥራ ስምንት ሳይሞላት ከገባ፣ ሚጣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በእናቷ ፎርም ላይ ትካተታለች። ቀኑ ካለፈ ግን ለብቻዋ፣ በራሷ ክፍያና በራሷ ወረፋ ነው፤ ወረፋው ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ልጅቷ ነርስ መሆን ነው ምኞቷ። ትምህርት ቤቱ ዜግነት ላለው ወይም የማመልከቻ ደረሰኝ ለያዘ በነፃ ያስተምራል፤ ለቀረው ዋጋው የማይቀመስ ነው።

እታለም የዜግነት መሥሪያ ቤቱ ሄዳ፣ ዋጋውን መስኮት ለመስኮት ጠይቃ፣ የዋጋ ወረቀትም ተቀብላ መጣችና ዝርዝር ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጠፈች። የማመልከቻው፣ የትርጉሙ፣ የማኅተሙ፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃው፣ የፈተናው፣ የፎቶው፣ የአሻራው፣ የአውቶቡሱ፤ ስምንት መስመር። ድምሩ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሰባ ይላል። ደግሞ የራሷ ሕግ አላት፤ ጨርቁ ሙሉውን ጠረጴዛ ላይ ካልተዘረጋ መቀስ አታነሳም። ስለዚህ ድምሩ እስኪሞላ ለፎቶ እንኳ ምንም አይወጣም ተባለ።

ማጠራቀሙ ቀልድ አልነበረም። እኔ ሲጋራ ተውኩ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል ቤቱ ውስጥ የሚያናግረኝ አልነበረም፣ እኔም አልፈረድኩባቸውም። ሚጣ ትምህርት ቤት በእግሯ መሄድ ጀመረች። እታለም የሠርግ ልብስ ጠርዝ እየሰፋች ዓይኗ ደም መሰለ። የምናጠራቅመው በቆርቆሮ ጣሳ ነበር፤ ጣሳውም ቀስ በቀስ ሞላ፤ ይሁን እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለው ድምር ከጣሳው ቀድሞ ይሮጥ ጀመር።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ቀለም ቀቢ ግድግዳ መሃል ላይ ቀለም ካለቀበት ውርደት ነው፤ ዳግም የተበጠበጠው ከፊተኛው ጋር መቼም አይመሳሰልም። ስለዚህ ከአሥር አንድ ጨምሬ ነው የምገዛው። የእታለምን ዝርዝር ሳየው ልክክ ያለ መሰለኝ፤ መጠባበቂያ የሚባል የለውም። ብነግራት "አንተ ሰውዬ፣ በሥራዬ አትግባ" እንደምትለኝ አውቃለሁ። እሷ ሱቅ በሄደችበት እስክሪብቶ አነሳሁና የእሷን አጻጻፍ አስመስዬ በየመስመሩ ከአሥር አንድ ጨመርኩ። በጎ የሠራሁ መስሎኝ ኮራሁ።

ከሳምንት በኋላ ዝርዝሩን በሚጣ የእጅ ጽሑፍ እንደ አዲስ ተገልብጦ አየሁት፤ ድምሩ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሆኗል። ዋጋ ጨምሯል ማለት ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። በማግስቱ ደግሞ እታለም ከሥሩ ሁለት መቶ ደመረችበት። ሁለት ሺህ አንድ መቶ።

ልደቷ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጣሳው ውስጥ የነበረው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ነው። የዚያን ቀን ማታ እታለም ራቷን ሳትጨርስ የጨርቅ ጠርዝ የምትዘመዝምበትን ኦቨርሎክ ማሽኗን ልትሸጥ እንደወሰነች ነገረችን። ገዢው ቅዳሜ ይመጣል። የሱቋ ግማሽ እንጀራ ከዚያ ማሽን ነው የሚወጣው፤ እሱ ከሄደ የሚቀራት ቁልፍ መትከልና ዚፕ መቀየር ነው። ሚጣ ነርስነቱ ይቅርብኝ ብላ አለቀሰች። እናቷ ዝም በይ አለቻት፣ ይኼን ስትል ግን ድምጿ ተሰበረ።

ዓርብ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ። ሕጓን ጥሼ የሚጣን የልደት ምስክር ወረቀትና የእታለምን የጋብቻ ወረቀት ይዤ፣ በራሴ የቀን ገቢ አስተረጉማለሁ ብዬ ተርጓሚው ዘንድ ሄድኩ፤ ሚጣም ከትምህርት ቤት ስትወጣ ተከተለችኝ። ተርጓሚው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ገጹን ቆጠረና ሁለቱም በድምሩ መቶ ሃያ አለን። አይ፣ ሁለት መቶ ነው አልኩት። ሰውየው ደጋግሞ አየኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር በጣቱ አሳየኝ፤ ከጨመረ ሁለት ዓመት አልፎታል አለ። እኔ ግን እልኸኛ ነኝ፤ ተሳስተሃል፣ በደንብ ቁጠረው ብዬ ድርቅ አልኩ። በዕድሜዬ ዋጋ አነሰ ብዬ ስከራከር ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሚጣ እጄን ይዛ አወጣችኝ። ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

ቤት እንደደረስን ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"እማ፣ የትርጉሙን ሁለት መቶ ያደረግኩት እኔ ነኝ" አለች። "መቶ ስድሳ አምስት ነበር የሚለው። ስገለብጠው ሁሉንም ወደ ሙሉ መቶ ከፍ አደረግኩት። ለመደመር እንዲቀለኝ፣ ደግሞ ቢተርፍ ምን ይጎዳል ብዬ።"

"እኔ ከስልክሽ አይተሽ ያስተካከልሽው መስሎኝ" አለች እታለም። "መቶ ስድሳ አምስት ግን ማን ጻፈ? እኔ የጻፍኩት መቶ ሃምሳ ነው።"

ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተከልኩ። ቢሆንም የሚያመልጡበት አልነበረም። "እኔ ነኝ" አልኩ።

"መቶ ሃምሳውስ ከየት መጣ?" አለች ሚጣ። "ሰውየው መቶ ሃያ ነው ያለን።"

እታለም ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ቀስ ብላ "ሠላሳው የስፌት ነው" አለች።

በየመስመሩ ሁለት ጣት ትታለች ለካ። እሷ ትታ፣ እኔ ጨምሬ፣ ልጅቷ ደርባበት፣ መጨረሻ ላይ እሷው ራሷ ዋጋው እየናረ ነው ብላ ፈርታ ሁለት መቶ አክላበት ነው ሁለት ሺህ አንድ መቶ የሆነው። አንዳችንም ለአንዳችን አልተነፈስንም። መሥሪያ ቤቱ የሰጣትን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችው። ሚጣ እውነተኛውን ዋጋ እየጠራች፣ እኔ እየጻፍኩ ደመርነው። አንድ ሺህ አንድ መቶ ሰባ መጣ። አላመንም፤ ከታች ወደ ላይ ደግመን ደመርን። ያው ነው። ጣሳው ውስጥ ያለው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ነው። እንዲያውም ከሞላ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለሲጋራዬ ግን ትንሽ ተናደድኩ። እታለም ስልኳን አንስታ ለማሽኑ ገዢ ደወለች፤ ሰውየው ተበሳጭቶ ብዙ ሲናገር ሰማነው። እሷ በትሕትና ይቅርታ ጠይቃ፣ ማሽኑ አይሸጥም አለችው።

ልደቷ ስምንት ቀን ሲቀረው፣ ወረቀቱን ሁሉ አሟልተን ሦስታችንም ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ በር ሳይከፈት ደረስን። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሴት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች። እታለም ጨርቅ የምትመረምር ያህል በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አብራት ጎነበሰች። ሴትየዋ ቀና ብላ፣ "ልጅቷ ከእርስዎ ጋር ናት?" አለች።

"ከእኔ ጋር ናት" አለች እታለም።

ማኅተሙ ተመታ።

ወጥተን ደረጃው ላይ ስንደርስ እታለም ድንገት ቁጭ አለች። ታመምሽ ወይ ብዬ ደነገጥኩ። አልታመመችም። እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር፤ በየትኛው እንደማጽናናት ግራ ገባኝ።

"ወንድምዬ" አለችኝ፣ "እኔ እኮ የሚበቃ ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ሲበቃ ያላወቅኩት ለዚህ ነው።"

ሚጣ ደረሰኙን እንደያዘች አጠገቧ ተቀመጠች። የእናትና የልጅ ስም አንዱ በሌላው ሥር ተጽፏል፤ ከጎኑ ያለው ክፍያ አንድ ብቻ ነው።