ያልተመለሰው ሳህን

ሆሲያት ስንዴውን ያበቀለችው ጓዳ ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ቁልል ጀርባ ደብቃ ነው። የጓዳው ቁልፍ በክር ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። የሚበቅል ስንዴ ክፉ ዓይን እንዳያርፍበት መሸፈኑ የማርጊላን ከተማ ሴቶች ሁሉ ልማድ ነው። ሆሲያት ግን ዘንድሮ የፈራችው የአንድ ሰው ዓይን ብቻ ነው፤ የምራቷን የሳዳፍን።

ዘመኑ ናቭሩዝ፣ ያ የፀደይ መግቢያ በዓል፣ የኋላ ቀሮች ልማድ ተብሎ በመንግሥት የተከለከለበት ነበር። አምና ሆሲያት ክልከላውን ከቁም ነገር ሳትቆጥር፣ ከስንዴው ቡቃያ የተጨመቀውን ውሃ ከዱቄትና ከዘይት ጋር ጎላ ላይ ጥዳ የበዓሉን ገንፎ፣ ሱማላኳን፣ ስታማስል ዋለች። ሳምንት ሳይሞላ አስተማሪ ልጇ ቶልቂን ትምህርት ቤት ቢሮ ተጠርቶ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ከተደገመ ከሥራው ይባረራል። እንግዲህ ከቤት ወሬ ያወጣ ሰው አለ። የሳዳፍ አጎት ደግሞ የወረዳው ምክር ቤት ጸሐፊ ነው። ለሆሲያት ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

ድሮም እንዲህ ናት። ሐር ስትፈትል በኖረችባቸው ዓመታት፣ የተበጠሰ ክር ካየች ማን እንደበጠሰው ሳታጣራ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህማ ባሰባት፤ ሥጋ ሻጩን በሚዛኑ፣ ጎረቤቷን በዶሮዋ፣ ዶሮዋን በእንቁላሏ ትጠረጥራለች። ሳዳፍ ወላጆቿን ጠይቃ ስትመለስ፣ ማንን እንዳገኘችና ምን እንደተወራ አንድ በአንድ ታውጣጣታለች። የጥጥ አበባ ከተሳለባቸው ሰባት ሰማያዊ ሳህኖቿ አንዱ የጠፋ ጊዜም፣ ሳዳፍ ሰብራ ቀብራዋለች ብላ የአትክልቱን መደብ በመኮትኮቻ ፈትሻለች። አላገኘችውም። ባለማግኘቷ ጥርጣሬዋ ጭራሽ ጨመረ።

ያም ሆኖ ሱማላኩን መተው አልሆነላትም። እያማሰሉ የለመኑት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ደግሞ የልጅ ልጅ አምሯታል። ሳዳፍ ካገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሆሲያት የልጅ ልጅ እየለመነች፣ ልጁን የምትወልደውን ሴት ግን ጎላው አጠገብ አታስደርስም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ራሷም አልጠየቀች፣ የሚጠይቃትም አልነበረም።

የሌሊት እሳት ከሩቅ ስለሚታይ ገና ሲነጋ ጣደችው። ሳዳፍን እናትሽ አሟታል ብላ ወደ ወላጆቿ ላከቻት። በሩን ለሚያንኳኳ ሁሉ ልብስ እየቀቀልን ነው ትላለች። እንዳያር ጎላው ውስጥ ጠጠር ጨምራ፣ ከጓደኛዋ ከቡሳራ ጋር እየተቀባበሉ ሲያማስሉ ዋሉ። አሥር ሰዓት ገደማ ሱማላኩ ጠቁሮና ወፍሮ፣ ልክ እንደምትወደው ሆነ። እሳቱን አውጥታ ስድስቱን ሳህኖች ደረደረች። ሰባተኛውን ከቡሳራ ተዋሰች።

ይኼኔ ቶልቂንና ሳዳፍ አብረው ገቡ። የሳዳፍን እናት ጤነኛ ሆና አግኝተዋታል። ሳዳፍ የጎላውን ሽታ እንደሳበች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቀረበች።

«እማማ፣ እኔም ትንሽ ላማስል?»

«አልቋል። አንቺ ይልቅ ለአጎትሽ የምታወሪለትን አስቢ።»

ሳዳፍ እጇን ሰበሰበች። ቶልቂን ግን እናቱን ትቶ የተደረደሩትን ሳህኖች ነበር የሚያየው።

«ይሄ የውሰቱ ለማን ነው?» አለ።

«ለትምህርት ቤታችሁ ዳይሬክተር ቤት። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን ሽታው እየደረሳቸው እንዴት አልፋቸዋለሁ?»

«አምናም ልከውላቸዋል?»

«አሳምሬ ነዋ፣ በራሴ ጥልፍ ሸፍኜ!»

ቶልቂን ቁጭ አለ። «እማዬ፣ ሰማያዊው ሳህንዎ እኮ ዳይሬክተሩ ጋ ነው። አምና የጠሩኝ ቀን ጠረጴዛው ላይ፣ ሱማላኩ እንደደረቀበት ተቀምጦ ነበር። ይህ ከማን ቤት ነው የወጣው አለኝ። ከኛ ነው አልኩት።»

ሆሲያት ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። ጎረቤት የላከው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ስኳር ወይ ዘቢብ ይዞ ይመጣል ብላ ትንሽ ቀን ጠብቃ ነበር። ከዚያ ረሳችው። ምግብ መላክ ራስን ማስያዝ ሊሆን እንደሚችል በሐሳቧም መጥቶ አያውቅም። ልጇን ያስያዘችው እሷ ነች፤ አሁንም በውሰት ሳህን ልትደግመው ነበር።

«አንቺም ታውቂ ነበር?» አለች ወደ ሳዳፍ ዞራ።

«አውቅ ነበር። እንዲያውቁልኝም ፈልጌ ነበር። ልጅዎ ነው እናቴ ካወቀች ትሞትብኛለች ብሎ አፌን የያዘኝ።»

ሆሲያት አፈረች። ሱማላኩ ግን በስሏል፣ እሳቱም ወጥቷል፤ እያማሰሉ መለመን ከእንግዲህ ለሚመጣው ዓመት ነው። ሆሲያት ተነስታ ከባልዲው አንድ ማሰሮ ውሃ ቀዳችና ጎላው ላይ ገለበጠችው።

«አብደሻል እንዴ? በስሎ ያለቀ እኮ ነው!» ቡሳራ ክንዷን ያዘቻት።

ሆሲያት ክንዷን አስለቅቃ ሁለተኛ ማሰሮ ጨመረች፤ እንጨት ደርባም እሳቱን አቀጣጠለች። እንደዚያ ያማረው ሱማላክ ቀጥኖ እንደ ሾርባ ተንቦጫቦጨ።

«ቀጥኗል» አለች ማማሰያውን ለሳዳፍ እያቀበለች። «እስኪመሽ ካላማሰሉት ይይዛል። እጅሽን አታንሺ።»

ሳዳፍ ማማሰያውን በሁለት እጇ ተቀብላ ማማሰል ጀመረች። ሆሲያት የውሰቱን ሳህን ለቡሳራ መልሳ፣ እሳቱን ለመቆስቆስ አጎንብሳ ቆየች። ቀና ስትል የምራቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች። ምን እንደለመነች አልጠየቀቻትም።